ማዳበሪያ የተባለው ከረጢት

በአገራችን ከማዳበሪያው ይልቅ የማዳበሪያው ከረጢት ዕድሜው ይረዝማል። 50 ኪሎ ዩሪያ ይዞ በጅቡቲ ወደብ በኩል የገባው ነጭ ከረጢት ይዘቱ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ስሙን እንደያዘ ይቀራል፤ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል»፣ «ሁለት ማዳበሪያ ማሽላ» እንላለን። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአብርሃ ጅራ ዙሪያ በጥቅምት ወር የሰሊጥ ሂላ ሲራገፍ ይህ ከረጢት ካለበት ተለቅሞ ይሰበሰባል። ሂላ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ የሚቆምበት ክምር ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ከመታው በኋላ ፍሬውን ያዘለው ቅርፊት አፉን ይከፍታል፤ ነዶው ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ መታ መታ ሲደረግ ፍሬው ይረግፋል። ፍሬው ከረጢት ይገባል፣ ባዶው አገዳ ወደ ዳር ይጣላል። ከረጢቱ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ መሙላት ሲያቅተው ደግሞ የዳስ ግድግዳ ወይም የቀን ሠራተኛ ምንጣፍ ይሆናል። እንዲህ እንዲዞር ያወጀለት የለም፤ ዋጋ ስላለው ይዞራል። በዚያ ቆላ ሰሊጥ ባብዛኛው ያለ ማዳበሪያ ስለሚዘራ ግን ከረጢቱ ማሳው ላይ የሚደርሰው ባዶውን ነው፣ የሚወጣው ሞልቶ።

ስለ ዑደታዊ ኢኮኖሚ፣ ማለትም የተጠቀምንበት ነገር ተመልሶ ግብዓት ስለሚሆንበት አሠራር፣ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን የከተማ ቆሻሻ ነው፤ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ቆራሊዮ። መንግሥትም ምን ማድረግ እንዳለበት ስንጠይቅ ወደ አካባቢ ጥበቃ ሕጎች እናያለን። ከመተማ እስከ አብርሃ ጅራ ያለው የሱዳን ጠረፍ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። እዚያ ዑደቱን ያስቀጠለውም የቆረጠውም የአካባቢ ሕግ አልነበረም፤ የመሬት ሥሪት፣ የገበያ ደንብና የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ ነው። መድኃኒቱም ከተገኘ የሚገኘው እዚያው ይመስለኛል። ይህን ለማየት ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መከተል ይሻላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ የታወቀች የጠረፍ ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና ከብት ይወርድ ነበር፤ ከማዶ ጨርቅና የውጭ ሸቀጥ ይመጣ ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው ከተማ ነው። ከገበያዋ ባሻገር ያለው ሰፊ ቆላ ግን ሰው አልበዛበትም ነበር፤ ወባውና ቃጠሎው ደገኛውን ያርቁት ነበር። የሚታረሰው ጥቂት ማሽላና ጥጥ ነው። ማሳው ሲደክም አራሹ ሌላ ይመነጥራል፣ የደከመው ጾሙን ያድራል፤ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ቆይቶም ዛፍ ይለብሳል። ክረምት ላይ ደጋው በሰብል ሲሸፈን የከብት መንጋ ከጭልጋና ከደምቢያ ወገን ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የበላውን ሣር በፋንድያ መልክ እዚያው ጥሎ ይመለሳል። ይህ በእርግጥ ዑደት ነበር። ሆኖም ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም። የአፈሩ ጉልበት የሚመለሰው አራሹ አስቦበት ስላደረገው ሳይሆን ሰው ትንሽ መሬቱ ብዙ ስለነበረ ነው። የሰው ቁጥር ሲጨምር እንዲህ ያለው ዑደት ያለ ማንም ክፋት ይበጠሳል። ስለዚህ «ወደ ጥንቱ እንመለስ» የሚል ክርክር አላነሣም፤ ሊሆንም አይችልም። ጥያቄው ዕረፍቱ ሲቀር በምን ተተካ የሚል ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መልሱ ትራክተር ሆነ። ከሰሜን በኩል በሰቲት ሁመራ የጀመረው የሜካናይዝድ እርሻ ሰሊጥንና ማሽላን የባለ ሀብት ሥራ አደረጋቸው። የዓለም ባንክ ለሁመራው ልማት ገንዘብ አበደረ፣ መንገድ ተጠረገ፣ በመኸር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከደጋ ይወርዱ ጀመር። በቆላው አነጋገር ለወቅቱ ብቻ የሚመጣው «ወፈር ዘመት» ነው፤ ከርሞ ቆላውን የለመደው ደግሞ «ሳሉግ» ይባላል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ በጋ ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ክረምት ላይ ጎማ የሚይዝ። ብዙ ዘመን ያከማቸው ጉልበት ስለነበረው ያለ ማዳበሪያ ለዓመታት ሰጠ። ብድሩም ሆነ መንገዱ የተሰላው በሚወጣው ኩንታል ነበር፤ ወደ አፈሩ ስለሚመለስ ነገር ያሰበ አልነበረም። የዚያን ዘመን ሰዎች በዚህ መውቀስ ይከብዳል፤ ገና ያልተነካ መሬት ሲያዩ የማያልቅ ይመስላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ገለበጠው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ ተከለከለ፣ መሸጥ፣ ማከራየትና ማስያዝ ቀረ፣ ትልልቆቹ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ።  አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣው ፍትሕ የማይካድ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ነገር አንጻር ግን አንድ ነገር ተከለ፤ መሬቱን የሚያርሰውና መሬቱ የሚበለጽግለት ሰው እንዲለያዩ በር ከፈተ። የመንግሥት እርሻ ሥራ አስኪያጅ የሚጠየቀው በዘንድሮው ዕቅድ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ አፈሩ ምን ይሆናል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፤ ሰሊጥም እንደገና ነገሠ። በዓለም ገበያ የሁመራና የጎንደር ሰሊጥ ነጭነቱና ጣዕሙ ስለተወደደለት ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱ ትልቅ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ለመሆን በቃ፤ ቻይናና እስራኤል ዋና ገዢዎች ሆኑ። የአማራ ክልል ለባለ ሀብቶች በመቶ የሚቆጠር ሔክታር በኪራይ ይሰጥ ጀመር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የፈቃደኝነት ሠፈራ ደግሞ መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች ወደ መተማ፣ ቋራና ጠገዴ አካባቢ አወረደ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሔክታር መሬት ይሰጥ ነበር። ሁለቱም ፖሊሲዎች የየራሳቸው አሳማኝ ምክንያት ነበራቸው፤ አንዱ ዶላር ፈለገ፣ ሌላው ረሃብን ሸሸ። በመሬቱ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ሆኑ፤ ምንጣሮ። ጾሙን የሚያድር መሬት ጠፋ፤ ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ፣ ሲደክም ማሽላ፣ ከዚያ እንደገና ሰሊጥ ይዘራ ጀመር።

በዚህ ምንጣሮ ከተጎዱት ሁሉ ነገሩን በግልጽ የሚያሳየው የእጣን ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በራሱ የዑደት ሥራ ነው፤ ሳይቆረጥ በየዓመቱ ይሰጣል። ክረምቱ ሲወጣ የእጣን ቆራጩ ምንጋፍ በሚባል አጭር ስለት ግንዱን በስሱ ይልጣል፤ ነጭ ደም ይወጣል፣ በፀሐይ ይደርቃል። በሁለት በሦስት ሳምንቱ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል ትንሽ ያሰፋዋል፤ በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ዛፉ ዓመት እያለፈ ካረፈ ይድናል፤ ካላረፈ አበባውና ዘሩ ይቀንሳል፣ ጥንዚዛ ይገባበታል፣ በንፋስ ይወድቃል። በደርግ ዘመን እጣኑን ይዞ የነበረው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ ኋላ የግል ድርጅቶችና ማኅበራት ገቡበት። የሚቆርጠው ፈቃዱ አጭር፣ ዛፉም የእርሱ ያልሆነ ሰው ነው። ዛፉን ዘንድሮ ቢያሳርፈው ለከርሞ የሚጠቀመው ሌላ ከሆነ፣ ለምን ያሳርፈዋል? በ2004 ዓ.ም. በመተማ አካባቢ ደኖች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ነገሩ እንደነበረ ከቀጠለ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ አሰሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ይሞቱ ነበር፣ ከሥራቸው የሚተካ ችግኝ አልነበረም፤ እሳትና ግጦሽ ጨርሰውት። መንግሥት በደርባን በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን ያቀረበው በዚያው ሰሞን ነው። ይህን የማነሣው ለማሾፍ አይደለም፤ ስትራቴጂው መልካም ሰነድ ነው። ግን በመተማ የዛፉን ዕድሜ የሚወስነው ደርባን የቀረበው ወረቀት አልነበረም፤ የመቁረጫ ፈቃዱ ዘመን ነበር።

ወደ ሰሊጡ እንመለስ፤ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላም እንሂድ። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአዲስ አበባ ብዙ ሕጎች ተከታትለው ወጡ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከለከለ፤ አፈጻጸሙን ለከተማ አስተዳደሮች ሰጠ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኢታኖል እንዲቀላቀልበት ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ በምርት ገበያው በኩል እንዲገበያዩ አዘዘ።

ከእነዚህ ውስጥ ለዑደታዊ ኢኮኖሚ ጥሩው ምሳሌ ስለ ቆሻሻ የሚናገረው አይደለም፤ ኢታኖሉ ነው። ኢታኖሉ የሚሠራው ስኳር ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ነው። ትርፍ ዝቃጭ የነበረው ነገር፣ አንድ ቀላል ደንብ ወጥቶ «ቤንዚኑ ይህን ያህል ይቀላቀልበት» ሲባል ገዢ አገኘ። መንግሥት ገበያ ሲፈጥርለት ቅሪቱ ራሱ መንገዱን ይፈልጋል። የፕላስቲኩ አዋጅ ግን ከለከለ እንጂ ለተከለከለው ነገር ምትክ ገበያ አልፈጠረም፤ ፌስታሉም ከ10 ዓመት በላይ እንደልቡ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ የከተማው ቆሻሻ እንኳ ሰሚ አላገኘም ነበር፤ ቆሻሻውን እያቃጠለ ኃይል የሚያመነጨው የረጲው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የምርት ገበያው ደንብ ግን በቆላው ላይ በቀጥታ ወረደ። ገበያው ለገበሬው ያደረገለትን አልክድም። ሚዛኑ ታመነ፣ ገንዘቡ በማግሥቱ ይገባል፣ ዋጋው በግልጽ ይታወቃል፤ ድሮ ደላላ ብቻ የሚያውቀውን ዋጋ ዛሬ ገበሬው በስልኩ ይሰማል። በመጋዘኑ በር ላይ ናሙና ይወሰዳል፣ በቀለሙ፣ በንጽሕናውና በአካባቢው ዓይነት ደረጃ ይሰጠዋል፣ «ሁመራ/ጎንደር» ተብሎ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ ግን የማን ማሳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በፈረቃ የዘራውና አገዳውን ወደ አፈር የመለሰው ገበሬ፣ መሬቱን እስከ መጨረሻው ከጠባው ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ደረጃው ነጭነትን ይለካል እንጂ አፈርን አይለካም። ያልተለካ ነገር ደግሞ በገበያ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሰሊጥ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ አንድ ኩንታል ሰሊጥ 3 ኪሎ ያህል ናይትሮጂን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሔክታር 6 ኩንታል ቢሰጥ 18 ኪሎ ናይትሮጂን ከማሳው ወጣ ማለት ነው። በመግቢያው ላይ ባነሣሁት ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰሊጥ ሔክታር በየዓመቱ ከአንድ ከረጢት ዩሪያ አራት አምስተኛ የሚሆነውን ይልካል፤ 200 ሔክታር ያለው ባለ ሀብት ደግሞ ከ150 ከረጢት በላይ። ባዶውን የመጣው ማዳበሪያ ሞልቶ ይሄዳል ያልኩት ለቃል ጨዋታ አይደለም። ስሙ እውነት ሆኖ ይወጣል፤ እውነተኛ ማዳበሪያ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ያውም ወደ ቻይና።

አሁን ፍሬውን እንክፈተው። ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው፤ ተክሉ ከአየርና ከዝናብ ውሃ የወሰደው። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በዘይቱ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ያለው ዘይቱ ሲጨመቅ በሚቀረው ፋጉሎ ውስጥ ነው። እንግዲህ ዘይት የሚሸጥ አገር የሚሸጠው አየርና ዝናብ ነው፣ ፍሬ የሚሸጥ አገር ግን አፈሩን ነው። ሰሊጡ በአብርሃ ጅራ ወይም በመተማ ወረዳ በገንዳ ውሃ ከተማ ቢጨመቅ ፋጉሎው ለከብት ማድለቢያ ይውላል፤ ከብቱ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገር ወይም ወደ ጎንደር የሚወጣ ነው፣ ፋንድያው ግን እዚያው ይቀራል። ይህን የምለው ጠንቅቄ ነው፤ ፋንድያው የሚወድቀው በረቱ አጠገብ እንጂ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ የባለ ሀብት ማሳ ላይ አይደለም። ዑደቱ ፍጹም አይሆንም። ቢሆንም አፈሩ ቢያንስ በወረዳው ውስጥ ይቀራል።

ታዲያ ለምን አልተጨመቀም? የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ የዋጋ ነው። የጎንደርን ሰሊጥ የሚፈልጉት ለጣሂናና ለዳቦ ነው፤ ሳይጨመቅ የሚያወጣው ዋጋ ተጨምቆ ከሚያወጣው ይበልጣል፣ አገሪቱም ዶላር ትፈልጋለች። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፣ ለነጩና ለንጹሑ ሰሊጥ ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። ግን ሰሊጥ ሁሉ ነጭ አይደለም። የተደባለቀ፣ የተሰበረ፣ ዝናብ ያገኘው፣ በማበጠሪያ ተለይቶ የሚወጣ አለ፤ ይህ ዋጋው በሚወርድበት ደረጃ ወደ ውጭ ከመሄድ ይልቅ ለአካባቢ መጭመቂያ ቢቀር የዶላሩ ጉዳት ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ የዶላሩ ሒሳብ በአንድ ወገን ብቻ ተሠርቷል። አገሪቱ በሰሊጥ የምታገኘውን ዶላር ይዛ የምትገዛቸው ነገሮች ውስጥ የፓልም ዘይትና ማዳበሪያ ይገኛሉ። የሰሊጡን ዶላር በአንድ መዝገብ፣ የዘይቱንና የማዳበሪያውን ዶላር በሌላ መዝገብ ከጻፍናቸው ፖሊሲው ትክክል ይመስላል። አንድ ላይ ሲጻፉ ግን ያን ያህል አያምርም።

ሁለተኛው ምላሽ የሚመጣው ከተቃዋሚ ሳይሆን ከደጋፊ ነው፤ «እንግዲያው ጥሬ ሰሊጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከልከል» የሚል። በዚህ ላይ አገሪቱ ዋጋ ከፍላ የተማረችው አለ። በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ የውጭ ሽያጭ ላይ እስከ 150 በመቶ ግብር ተጣለ፤ ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ተለፍቶ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን በጥራት፣ በኬሚካልና በገንዘብ እጥረት ሲዳከሙ የጥሬ ቆዳው ዋጋ ወደቀ። በበዓል ማግሥት የበግ ቆዳ በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ማየት የተለመደ ሆነ፤ ድሮ ነጋዴው «ቆዳ ያለው!» እያለ በየሰፈሩ ይዞርለት የነበረው ቆዳ። ቅሪትን ሀብት ለማድረግ የወጣ ፖሊሲ ሀብቱን ቅሪት አደረገው። ኢታኖሉ ገበያ ስለከፈተ ሠራ፤ የቆዳው ግብር ገበያ ስለዘጋ አልሠራም። ሰሊጡም ቢዘጋ ተሸናፊው ገበሬው ይሆናል፣ ኮንትሮባንዱም በሱዳን በር ይወጣል፤ ጠረፉ ቅርብ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ትልቅ ዕድል የመጣ መሰለ። በቡሬ የፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስ የደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ፤ የፊቤላው ብቻ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነገረ። ችግሩ ወዲያው ታየ፤ ጥሬ ዕቃ። ፋብሪካ ግዙፍ ሲሆን ከምርት ገበያው የሚገዛው በላኪው ዋጋ ነው፤ በዚያ ዋጋ ጨምቆ ከፓልም ዘይት ጋር መወዳደር አይችልም። እኔ እንደማየው ስሕተቱ ከፋብሪካው መኖር ይልቅ ከቦታውና ከመጠኑ ነው። ሰሊጡ ከቆላው ወጥቶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ፋጉሎው ወደ አብርሃ ጅራ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ትንንሽ መጭመቂያዎች በወረዳ ከተሞች ቢኖሩ፣ የብድር ፖሊሲው ለእነሱ ቢያደላ፣ ምርት ገበያው ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ሰሊጥ እዚያው እንዲገዙ ቢፈቅድላቸው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። በዚያው ዓመት ከሱዳን ጋር የተነሣው የጠረፍ ግጭት ብዙ አራሾችን ከማሳቸው አፈናቀለ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ መተማ የስደተኛ በር ሆነች፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። ከዚያም በክልሉ ውስጥ የተነሣው ግጭት ቀጠለ።

ከዚህ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የመኪና መንገድ በሚዘጋበት፣ ገበሬው ሰሊጡን መሰብሰቡ ራሱ ዕድል በሆነበት አካባቢ ስለ ናይትሮጂን ዑደት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? በከፊል ይሆናል። አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ተቆጣጣሪ፣ አዲስ ቅጽ የሚጠይቅ ፖሊሲ እዚያ አይሠራም፤ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እኔ የማቀርበው ግን መንግሥት በችግሩም ጊዜ ቢሆን የማያቋርጣቸውን ሥራዎች ነው፤ ኪራይ ይሰበስባል፣ ውል ያድሳል፣ ሰሊጥ ይመዝናል፣ ማዳበሪያ ያስገባል። የገጠር መሬት ሕጎቻችን፣ ከክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 ጀምሮ፣ ባለ ይዞታው መሬቱን መንከባከብ አለበት ይላሉ። ቃሉ አለ፤ ሚዛን ግን የለውም። የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የየወረዳውን አፈር ለምነት በካርታ አስቀምጧል፤ ካርታው እስካሁን የዋለው ምን ዓይነት ማዳበሪያ እንደሚገባ ለመወሰን ነው። ውል ሲታደስ ናሙና ተወስዶ፣ አፈሩ ከተረከበው ያልከሳበት ባለ ሀብት ረዘም ያለ ዘመን ወይም ቀለል ያለ ኪራይ ቢያገኝ፣ ሕጉ ሚዛን ያገኛል። ለእጣኑም እንዲሁ፤ ፈቃዱ ረዝሞ ዛፍ የሚያርፍባቸው ዓመታት በውሉ ውስጥ ቢገቡ ቆራጩ ለራሱ ሲል ያሳርፋል።

አገዳውስ? ሂላው ከተራገፈ በኋላ የሚቀረው የሰሊጥ አገዳ እንደ ጭድ አይደለም፤ እንጨት ነው፣ ከብት አይበላውም፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ የሰሊጥ ትኋንና ትል ይደበቅበታል። ገበሬው የሚያቃጥለው በስንፍና አይደለም። ሲቃጠል ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ይቀራል፣ ናይትሮጂኑ ግን በጭሱ ይሄዳል፤ እሳቱም አንዳንዴ ወደ እጣኑ ጫካ ያመልጣል። «ማቃጠል ክልክል ነው» ማለት እዚህ የፌስታሉን አዋጅ መድገም ነው። በአብርሃ ጅራ ለጠላና ለእንጀራ የሚነደው እንጨት ከየጫካው እየተቆረጠ ሲመጣ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አገዳ እዚያው ይነዳል፤ በመካከላቸው ያለው ጉድለት የጋሪ ዋጋ ነው። አገዳውን ጨፍልቆ የማገዶ ጡብ የሚያደርግ ትንሽ ማሽን ከቀረጥ ነጻ ማስገባት ለመንግሥት ከባድ ነገር አይደለም፤ ለትራክተር ሲያደርገው ኖሯል።

የመንግሥት እርምጃዎች ግን በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ለድጎማ መደበ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን በሙሉ ከለከለ፤ ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረመ። ፋብሪካው ሲያልቅ ነጩ ከረጢት ከጅቡቲ ሳይሆን ከሶማሌ ክልል ይመጣል፤ የአገሪቱን ስፋት ከደቡብ ምሥራቅ እስከ ሰሜን ምዕራብ አቋርጦም አብርሃ ጅራ ይደርሳል። ጋዙ ከምድር የሚወጣ ስለሆነ ዩሪያው ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ለሰሊጥም ሊደርስ ይችላል። ያኔም ቢሆን ከረጢቱ በጥቅምት ታጥቦና ተሰፍቶ፣ ከሂላው ሥር ሸራው ላይ የተከመረውን ሰሊጥ ሲቀበል፣ በሔክታር 18 ኪሎ ናይትሮጂኑን ይዞ ወደ መጋዘኑ ይሄዳል፤ አገዳው ዳር ተከምሮ እሳቱን ይጠብቃል።